ሀሁን በዜማ ይወርደዋል ግን "በሬ" ማንበብ አቃተው፣ ምን ላርግ?

የማሙሽ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ልጄ 2ኛ ክፍል ነው፣ 8 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀረው። ሀሁን ከላይ እስከ ታች እንደ ውሃ ነው ሚወርደው፣ እንግዳ ሲመጣ አባቱ "በል እስቲ" ይለዋል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ትናንት ማታ ግን መጽሐፉ ላይ ስዕሉን በእጄ ሸፍኜ "በሬ" የሚለውን አሳየሁት። "በ" አለ፣ ጥሩ። ሁለተኛዋ ላይ ሲደርስ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ በሹክሹክታ ረ ሩ ሪ ራ ብሎ ቆጥሮ "ሬ!" አለ። እሺ አንድ ላይ በለው ስል "በ..... ሬ....." እና ምንድነው? "ላም"። ልስቅ ነበር ግን ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሳየው ሆዴ ቡጭ አለ። ክፍል ውስጥ አስተማሪዋ ሰነፍ ነው ትኩረት የለውም አለችኝ፣ አባቱ ደግሞ ስልኩን ቀሚው ነው ሚለው። በዛ ላይ ትምህርት ቤቱ የግል ስለሆነ ኤቢሲዲውም ጎን ለጎን አለ። ልጄ ችግር አለበት ወይስ እኔ ነኝ ሳላውቅበት የቀረሁት?

ሰፈር_ጉለሌ፦
መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምሪው፣ ከዛ ጆሮውን። የወንድሜን ልጅ ዓመት ሙሉ ደደብ ስንለው ኖረን ለካ ጥቁር ሰሌዳው አይታየውም። መነጽር ሲያደርግ እኛው ነን ያፈርነው።

አቤ 21፦
ድሮ በአለንጋ ነበር ምንማረው ማን ማንበብ አቅቶት ያውቃል? የዘንድሮ ልጅ ተሞላቆ ነው

ጠመኔ በእጄ፦
አቤ አለንጋውን እዛው አቆየው ባክህ። ያልቻለውማ አቋርጦ ከብት ጥበቃ ተመለሰ፣ ለዛ ነው ማታስታውሰው።

የማሙሽ እናት፣ እህቴ አይዞሽ። እኔ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ሳስተምር 17 ዓመቴ ነው፣ ልጅሽ ያደረገውን ነገር በየዓመቱ ነው ማየው። ብቻውንም አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች የንባብ ምዘና ተደርጎ 2ኛ ክፍል ከሆኑት ውስጥ 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ክፍል ግን ገብተዋል፣ ሀሁንም ዘምረዋል።

ልብ ብለሽ ያየሽው ነገር አለ፣ "ረ ሩ ሪ ራ ብሎ ቆጥሮ" ያልሽው። በሽታው እዛ ጋ ነው። ልጁ ሬን አይቷት አላወቃትም፣ ዘፈኑን ከመጀመሪያው አስነስቶ እስክትደርስ ነው የጠበቃት። ስልክ ቁጥራችሁን መሃል ላይ ያለውን አሃዝ ብትጠየቁ ከመጀመሪያው ካልጀመራችሁ አይመጣላችሁም አይደል? እንደሱ ነው። ችግሩ ምንድነው፣ ረ ሩ ሪ ራ ብሎ ሄዶ እስኪመለስ ቅድም የያዛት በ ከጭንቅላቱ ወጥታለች። ስለዚህ ሚያጋጥመው ነገር የለውም፣ በእጁ አንዲት ሬ ብቻ ናት ያለችው። ከዛ ምን ያርግ? ይገምታል። ላም አለሽ፣ ቢያንስ ከብት መሆኑን አልሳተም 😄

ዛሬ ማታ ይሄን ሞክሪ። ወረቀት ቁረጪና 20 ፊደል ጻፊ፣ ከተለያየ ቤት፣ በውዢውና አንድ በአንድ አሳዪው። ሳይቆጥር ወዲያው ያላቸውን አንድ ጎን፣ ቆጥሮ የደረሰባቸውን ሌላ ጎን፣ የሳታቸውን ሌላ ጎን አድርጊ። ውጤቱን እዚህ ጻፊልኝ።

የማሙሽ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር። ማታ ሞከርኩት። ከ20ው ወዲያው ያለው 7 ብቻ ነው!! አራቱ ግዕዞች ናቸው እነ ለ መ በ ተ። ዘጠኙን ቆጥሮ ደረሰባቸው። አራቱን ሳተ፣ ሸን ሰ አለ፣ ቦን ባ አለ፣ ስን እና ጭን ደግሞ ጭራሽ ዝም። እኔ እኮ 231ዱንም ያውቃል ብዬ ነበር ምፎክረው።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦
ይቅርታ ልግባና፣ ይሄን ነገር የኔታዎች ከጥንት ያውቁታል። እኔ ጎጃም ነው ቄስ ትምህርት ቤት የገባሁት፣ ሀሁን ስንዘልቅ በቃ አወቅን ብለን ስንኮራ የኔታ በነጋታው አቡጊዳ አመጡብን። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ምን እንደሆነ ልብ በሉ፣ አንደኛው ከአ ቤት ግዕዙ፣ ሁለተኛው ከበ ቤት ካዕቡ፣ ከገ ሣልሱ፣ ከደ ራብዑ፣ ከሀ ኃምሱ፣ ከወ ሳድሱ፣ ከዘ ሳብዑ። በየቤቱ እየዘለለ ነው ሚሄደው። ያ የለመድነው ዜማ እዚህ ጋ ምንም አይሠራም፣ ፊደሏን ፊት ለፊት ማወቅ ግድ ነው። ግማሻችን ዜሮ ሆንን። ያኔ የኔታ ሊያስቸግሩን የፈጠሩት ነበር ሚመስለኝ፣ አሁን ሳስበው ግን የሸመደደውን ካወቀው መለያ ፈተና ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሀሁን ወሰደና አቡጊዳን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ተወው።

ደሞ ስንቆጥር በስንደዶ ነበር፣ ስንደዶዋ ፊደሏ ላይ ካላረፈች አፍ አይከፈትም። አፉ ቀድሞ ስንደዶው የቀረ ልጅ ወዮለት (አቤ እዚህ ጋ ብቻ ልክ ነህ፣ ኩርኩም ነበረች። ግን ኩርኩሟ ማንበብ አላስተማረችኝም፣ የኔታን መፍራት ነው ያስተማረችኝ)።

ጠመኔ በእጄ፦
የቆሎ ተማሪው ነፍሴን አለመለምካት። ክፍሌ ውስጥ 68 ልጅ ነው ያለኝ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሲዘምር ዘፈኑን የያዘውና ፊደሉን የያዘው በምን ይለያል? ዜማውን አልጠላውም፣ ቤተሰቡን ያስይዛል፣ በ እና ቡ ዘመዳሞች መሆናቸውን ልጁ በጆሮው ያውቃል። ግን እዛ ላይ ቆሞ ከቀረ አደጋ ነው።

የማሙሽ እናት አሁን እንደዚህ አርጊ። 231ዱን ባንዴ እርሺው። ወዲያው ያወቃቸውን 7 ያዢ፣ በየሁለት ቀኑ 3 ወይ 4 ጨምሪ፣ በዝተው እንዳይደናገር። ስትጨምሪ ደግሞ ቅርፁን አስተውይው። ካዕቡ ወገቡ ላይ እጁን ወደ ቀኝ ይዘረጋል፣ ቡ ሉ ሱ ኩ። ሣልሱ እግሩ ስር ጫማ ያረጋል፣ ቢ ሊ ሲ ኪ። ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፣ ቤ ሌ ሴ ኬ። ይሄን አንዴ ከያዘ አንድ አዲስ ቤት ስታሳዪው ግማሹን ራሱ ይነግርሻል። እነ ሩ ሪ፣ ፉ ፊ፣ ዩ ዪ ከሰልፉ ወጣ ያሉ ናቸው፣ እነሱን ለብቻ። ባ እና ቦን የሳተው ደግሞ ወዶ አይደለም፣ አንዱ ቀኝ እግሩ ይረዝማል አንዱ ግራ እግሩ፣ ሳ እና ሶም እንደዛው ናቸው። ሁለቱን በአንድ ቀን አታስተምሪው፣ ባ በደንብ ከተያዘች በኋላ ሳምንት ቆይተሽ ቦን አምጪ። ሰ እና ሸም እንደዛ፣ ሸ ኮፍያ ያደረገች ሰ ናት በይው፣ ቸ ኘ ጀ ዠም እንደዛው ኮፍያቸው ነው ሚለያቸው።

ሳድስ ግን (እነ ብ ል ስ ጭ) የራሱ መንግሥት ነው። እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው ሚሰበረው፣ ሕግ ብዬ ምሰጥሽ የለኝም፣ በድግግሞሽ ብቻ። ለዛ ነው ስ እና ጭ ላይ ዝም ያለው።

ናፍቆት ቨርጂኒያ፦
እኔ በሌላ በኩል ተመሳሳይ ነገር ደርሶብኝ ነው ምጽፈው። እዚህ አሌክሳንድሪያ ነው ምንኖረው፣ ልጄ ኪንደርጋርተን እያለች እንግሊዝኛ ማንበብ ሊጀምሩ ሲሉ እኔ ጎበዝ አባት ልሁን ብዬ ቤት ቁጭ አርጌ "ቢ በ ይላል፣ ኤ አ ይላል፣ ቲ ተ ይላል፣ በይ አንድ ላይ" እላታለሁ፣ እሷም "በአተ" ትለኛለች። የሌሊት ወፏ ባት ወጥታ አታውቅም። አስተማሪዋ ጠርታኝ በትህትና እባክህ አናባቢ አትጨምርበት አለችኝ። ቆይ ምን ማለቷ ነው ብዬ ቤት ሄጄ ራሴን በስልክ ቀድቼ ሰማሁት፣ እውነትም እያንዳንዷ ላይ አንድ ኧ ለጥፌባታለሁ። እኛ እኮ ፊደላችን አናባቢውን አብሮ ነው ሚሸከመው፣ ብቻውን የቆመ ተነባቢ አፋችን አያውቅም፣ ለዛም ነው እስፖርት እስኩል ምንለው።

ከዛ መፍትሄ ያለችኝ ምን መሰላችሁ፣ መጀመሪያ ድምፃቸው ሊጎተት በሚችል ፊደላት ጀምር፣ እንደ ምምምም፣ ስስስስ፣ ንንንን። እነ ት ክ ብ አይጎተቱም፣ ብትጎትታቸው ያንን የተረገመ ኧ ትጨምራለህ። እነሱ መጨረሻ ላይ ይምጡ። እና ድምፁን ሳትቆርጥ እንደ ላስቲክ ሳበው፣ መሃል ላይ አትተንፍስ። ምምምማአአአን፣ ማን። በሁለት ሳምንት ለውጥ አየሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ አገር ስንት ዓመት ልጆችን ቃሉ ካቃታችሁ ስዕሉን አይታችሁ ገምቱ እያሉ ነው ያስተማሩት። ልጄም ፈረስ ስዕል ስታይ ፈረስ ተጽፎ ሳለ "ውርንጭላ" ብላ ታልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ለኮንግረስ የቀረበ ትልቅ የጥናት ሪፖርት ድምፅና ፊደልን በቀጥታ ማስተማር እንደሚጠቅም አስቀምጦ ነበር፣ ሚሲሲፒ ደግሞ በ2013 ሕግ አውጥታ ወደዛ ገባች፣ ከዛ ሌሎችም ስቴቶች ተከተሉ። እህቴ ስዕሉን መሸፈንሽ ልክ ነው ለማለት ነው ይሄን ሁሉ የቀባጠርኩት።

የማሙሽ እናት፦
ኧረ ቀባጥርልኝ ወንድሜ። ግን አማርኛ ላይ እንዴት ነው ማደርገው? በሬ ላይ እኮ የተጣበቀ ኧ የለም፣ በ ራሷ በ ናት

ጠመኔ በእጄ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። የኛ ፊደል ለጀማሪ ከእንግሊዝኛው ይቀላል፣ በ እና ሬን አጠገብ ላጠገብ ካልካቸው በሬ ሆነ አለቀ። ስለዚህ በሦስት ደረጃ ሂጂ።

መጀመሪያ ሳድስ የሌለባቸው ቃላት። በሬ፣ ዶሮ፣ ቡና፣ ጫማ፣ ዳቦ፣ ከዛ መኪና፣ ሳሙና፣ ከተማ። ሁለት ወረቀት ላይ ለየብቻ ጻፊ፣ ጠረጴዛው ላይ አራርቂያቸው፣ በጣትሽ እየገፋሽ ስታቀራርቢያቸው እሱም ድምፁን እያቀራረበ ይበል፣ ወረቀቶቹ ሲነካኩ ቃሉ ይወጣል። ሦስት ፊደል ከሆነ ደግሞ ከዜሮ አታስጀምሪው፣ መ፣ መኪ፣ መኪና። ሁለቱን አጋጥሞ ከያዘ በኋላ ነው ሦስተኛዋ ምትመጣው፣ አለበለዚያ ያቺ የቅድሟ በ እንደጠፋችው መም ትጠፋለች።

ሁለተኛ፣ ሳድሱ መጨረሻ ላይ ያለባቸው። እዚህ ጋ ነው የቨርጂኒያው ነገር ሚገባው፣ ልጁ "ም"ን ብቻዋን "ምእ" ብሎ ነው የተማራት፣ ስለዚህ "ላም"ን "ላ ምእ" ይላትና ላም መሆኗ አይሰማውም። በሚጎተተው ጀምሪ፣ ላምምም፣ ሳርርር፣ ሙዝዝዝ፣ ማርርር። አፉን በም ላይ ዘግቶ ይቆይ። ቤት፣ ዱብ፣ ሎሚ ሻይ ምናምን በኋላ ይመጣሉ (ሎሚ እዚህ ጋ ምን አመጣት፣ እሷ ከመጀመሪያው ናት፣ እየደከመኝ ነው)።

ሦስተኛው ሳድሱ መሃል ላይ ወይ መጀመሪያ ላይ ያለበት ነው። ልጅ፣ ብርድ፣ ክንድ፣ ዝናብ። ሳድስ አንዳንዴ አናባቢ አለው አንዳንዴ የለውም፣ ፊደሉ ግን ያው ነው። ብርድ ላይ ብ አላት፣ ር የላትም። የጉድ አገር፣ "ትምህርት" የሚለው ቃል አምስቱም ፊደል ሳድስ ነው፣ እና እኛ 1ኛ ክፍል በር ላይ ትምህርት ቤት ብለን ጽፈን ልጁ ለምን አላነበበውም እንላለን። እዚህ ደረጃ ላይ ልጁ ቃሉን ቀድሞ በጆሮው ማወቁ ነው ሚያድነው፣ "ብእርእድ" ብሎ ቆይቶ "አሃ ብርድ!" ይላል። ይሄኛው ግምት ይፈቀዳል፣ ፊደሎቹን ሁሉ ካለ በኋላ የመጣ ነውና።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦
ቲቸር ይሄ እኮ የኛው ግዕዝና ውርድ ንባብ ነው! ከአቡጊዳ በኋላ ፊደለ ሐዋርያ ይመጣል፣ የዮሐንስ መልእክት ማለት ነው፣ ያው ቋንቋው ግዕዝ ስለሆነ አንዲት ቃል አይገባንም። መጀመሪያ በቁጥር ነው፣ ፊደል በፊደል እየነጠልን። ከዛ ግዕዝ ሚባለው የንባብ ደረጃ፣ በዜማ እየተጎተተ፣ ከዛ ውርድ ንባብ፣ ቃሉ እየተያያዘ፣ መጨረሻ ላይ ቁም ንባብ፣ እንደ ሰው ንግግር። ደረጃ ሳትጨርስ ወደሚቀጥለው ማን አሳልፎህ። ትርጉሙን ስለማናውቅ መገመት ሚባል ነገርም የለም፣ ፊደሉ ያለውን ብቻ ነው ምትለው።

ሐይፋ ያደግኩ፦
ሸሎም። ዕብራይስጥ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ አናባቢው ባብዛኛው ከፊደሉ ስር በነጥብ ነው ሚጻፈው ኒቁድ ይሉታል፣ ልጅ ሆነን እሱን ይዘን እናነባለን ከዛ ከፍ ስንል ነጥቦቹን ያነሱብናል። እናቴ አማርኛ ፊደል ስታስተምረኝ የገረመኝ አናባቢው ፊደሉ አካል ላይ መሆኑ ነው፣ ማንም አያነሳብህም። ግን የናንተ ጠብቆ ላልቶ ገደለኝ። ገና እና ገና፣ ዋና እና ዋና፣ አለ እና አለ። በምን ልወቅ??

ጠመኔ በእጄ፦
በዙሪያው ባለው ዓረፍተ ነገር ነው ምታውቀው ወንድሜ። "ገና ገና አልደረሰም" ብሎ ሚጽፍ አገር ነው ያለነው። ለጀማሪ ልጅ እነዚህን ቃላት ለብቻ አውጥቶ ማስነበብ ግፍ ነው።

ባለ ሦስት ልጅ፦
እኔ ሦስተኛውን ልጄን ያስጀመርኩት ያለ ፊደል ነው። ሠርቪስ ውስጥ ስንሄድ "እኔ ቆራርጬ ልናገር አንተ ግጠምልኝ" እለዋለሁ፣ "ቡ... ና" ቡና! "መ... ኪ... ና" መኪና! ከዛ እሱ ይቆርጥልኛል እኔ እገጥማለሁ፣ አውቄ ስሳሳት በሳቅ ይሞታል። ወረቀት የለም እስክሪብቶ የለም። ጆሮው ከለመደ በኋላ ፊደሉ ላይ ሲደርስ ግማሹ ሥራ አልቋል።
እንደውም ልጅ ሆነን እኛ ሰፈር የወፍ ቋንቋ ነበረችን፣ በየፊደሉ ዘ እየሰነቀርን፣ ሰላም ለማለት ሰዘላዛምዝ። ትልልቆቹ እንዳይሰሙን ነበር፣ አሁን ሳስበው ከዛ በላይ የድምፅ ትምህርት የለም።

አቤ 21፦
እኛም ነበረን ሃሃሃ። አዛቤዜ ነዘኝዝ

ሰፈር_ጉለሌ፦
አቤ ዛሬ ገና ቁምነገር ጻፍክ

የማሙሽ እናት፦
ጠፋሁ ይቅርታ፣ አምስት ሳምንት ሆነኝ። ዓይኑን አስመረመርኩት ደህና ነው። በቀን 15 ደቂቃ ብቻ፣ ከራት በፊት፣ ማልቀስ ከጀመረ ወዲያው እናቆማለን። የመጀመሪያው ሳምንት ሊያሳብደኝ ነበር፣ በየመሃሉ ወደ ቆጠራው ይመለስብኛል፣ ቆይ አንድ ቀን ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ቁጭ ብላ አየችን፣ "ልጁን በወረቀት ልታሳብጂው ነው" ብላኝ ሄደች። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ኩ ን ሳላስተምረው ራሱ "ይሄ ከ እጁን ዘርግቶ ነው፣ ኩ" አለኝ። በደስታ ልጮህ ነበር።

ቅዳሜ ታክሲ ውስጥ መስኮት ጋ ተቀምጦ ዝም ብሎ ውጭ ሲያይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። "ዳ፣ ዳቦ፣ ዳቦ ቤ... ቤትትት። እማ ዳቦ ቤት!" አለ፣ ረዳቱ ወራጅ አለ መስሎት "የት ጋ?" ብሎ በሩን ሊከፍት። ተሳፋሪው ሳቀ፣ እኔ እንባዬ መጣ። አሁንም ሳድስ መሃል ላይ ካለ ይቸገራል፣ ትናንት ድንች ን "ድንእች" ብሎ ሦስት ጊዜ ከሞከረ በኋላ ነው የመጣለት። አስተማሪዋ ጋ ወረቀቶቹን ይዤ ሄጄ አሳየኋት፣ መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ፣ ከዛ "ሌሎችም ስድስት ልጆች አሉኝ ስጪኝ እስቲ ፎቶ ላንሳው" አለችኝ።

ጠመኔ በእጄ፦
ስድስት ብቻ ከሆኑ እድለኛ ናት። ድንች ላይ አይዞሽ፣ ን ጠብቃም ሳድስ ሆናም ነው የመጣችበት፣ ትልቅ ሰውም ያስቸግራል። አሁን ማጋጠሙ ስለገባው ቀጣዩ ፍጥነት ነው፣ አንድን አጭር አንቀጽ ሦስት አራት ቀን ደጋግሞ ያንብባት፣ አዲስ አዲስ አታብዢበት። የእንግሊዝኛውን ለትምህርት ቤቱ ተይላቸው ለጊዜው።

የማሙሽ እናት፦
እሺ ቲቸር ዕድሜ ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ዛሬ ጠዋት ልጁ ሀ ሐ ኀ ን ደርድሮ "እማ ሦስቱም ሀ ከሆኑ ለምን አንዱ አይበቃም?" አለኝ። ምን ልበለው?

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦
ድሮ በግዕዝ ሦስቱም ድምፃቸው ለየቅል ነበር፣ ሐ ዛሬም ትግርኛ ላይ በጉሮሮ ትወጣለች በይው። ትግርኛ ሚናገር ጎረቤት ካላችሁ ያሰማው። አማርኛችን ድምፁን ጥሎ ፊደሉን ያዘ።

ናፍቆት ቨርጂኒያ፦
የኔዋ ደግሞ ለምንድነው በእንግሊዝኛ ሲም ኬም ክ ሚሉት ብላኛለች፣ እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም 😅